ዋይዋሽን በ8 ቀን፣ ብቻዬን፣ ሸክሜን ራሴ ይዤ፦ ይቻላል?

ዳገት_ወዳድ · ሚያዝያ 14

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ለዓመታት እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር፤ ዛሬ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ።

ፔሩ ውስጥ ያለውን የዋይዋሽ ተራሮች ዙር ለሰኔ መጨረሻ አስቤያለሁ። ወደ 120 ኪ.ሜ. ነው፤ ማደሪያው ድንኳን ነው። ሰዎች ከ8 እስከ 12 ቀን ይፈጅባቸዋል። የዓመት እረፍት ፈቃዴ በረራውን ጨምሮ 14 ቀን ነው። ስለዚህ ሊማ በገባሁ ማግስት በአውቶቡስ ወደ ዋራዝ ከተማ፣ እዚያ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ተራራው። በ8 ቀን ጨርሼ የተረፈችው ቀን ለመጠባበቂያ ትሆናለች።

ስለ ራሴ፦ 38 ዓመቴ ነው፣ እሮጣለሁ፣ ያደግኩት ደጋ ነው። የዛሬ 12 ዓመት ራስ ዳሽን ስወጣ ራስ ምታት እንኳን አልያዘኝም። አሁን የምኖረው ከባሕር ጠለል 10 ሜትር ብቻ ከፍ ያለች ከተማ ውስጥ ነው።

8 ቀን ይበቃል? አህያ መከራየት ግድ ነው? ብቻዬን ብሄድስ? ለምግብ ምስርና ሩዝ ነው ያሰብኩት። ርካሽ ነው፣ ጉልበትም ይሰጣል። በተለይ ምስሩ ላይ አልደራደርም።

እግረኛው · ሚያዝያ 14

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ ሁለት ጊዜ ዞሬዋለሁ፤ አንዴ በ9 ቀን፣ አንዴ በ12። ትዝ የሚለኝ የ12ቱ ነው። የ9 ቀኑን የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ነው የጨረስኩት።

ወቅቱን በደንብ መርጠሃል። እዚያ ደረቁ ወራት በፈረንጆቹ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ።

ጣጣው ያለው ዋራዝ የምታድራት አንዲት ሌሊት ላይ ነው። ዋራዝ 3,050 ሜትር ላይ ናት። የመጀመሪያው የድንኳን ሰፈር ኳርቴልዋይን 4,170 ገደማ ነው። መኪና እዚያ ድረስ ስለሚያደርስህ 1,100 ሜትር ቁጭ ብለህ ትወጣለህ። በማግስቱ ካካናንፑንታ የሚሉት በር፣ የተራራ መተላለፊያ ማለት ነው፣ ይጠብቅሃል፤ ወደ 4,700 ይጠጋል። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ በር ነው። በሩን አልፈህ ስትወርድ እፎይ ትላለህ፣ ግን የወረድከው 4,200 ላይ ነው። ዋይላፓ የምትባለው መንደር እስክትደርስ ከ4,000 በታች አታድርም። እሷም ስድስተኛው ቀን አካባቢ ነው የምትገኘው።

ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው፤ ከዋይዋሽ በሮች ሁሉ ይበልጣል። ግን ጫፉን ነክተህ ትወርዳለህ፣ አለቀ። ዋይዋሽ ላይ ከፍታው ውስጥ ትኖራለህ። እዚያው ትበላለህ፣ እዚያው ትተኛለህ፣ ሲያምህም እዚያው ነህ።

ዋራዝ ላይ ቢያንስ 4 ሌሊት እደር። ቀን ቀን ወደ ቹሩፕ ሐይቅ ወይም ላጉና 69 ወደሚባለው ውጣ። ሁለተኛው 4,600 ሜትር ነው። ወጥተህ ትመለስና ዝቅ ብለህ ትተኛለህ። ቀን ካጠረህ ከዙሩ ላይ ቀንስ፣ ከዋራዝ ላይ ግን አትንካ።

ነርሷ · ሚያዝያ 15

«ያደግኩት ደጋ ነው» የምትለዋን ሳነብ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ስንቱን አበሻ ተራራ ላይ አስተፍታዋለች።

ደገኛነት ተረት አይደለም፤ ያንን ልስጥህ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አለ፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎች ደም የተመረመረበት። ሄሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) የደማቸው ኦክስጅንም ቆላ ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። የአንዲስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። ቲቤቶች ደግሞ ኦክስጅናቸው ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። የእኛዎቹ ሦስተኛ ዓይነት ሆኑ። እኔም አንብቤ ኮርቻለሁ።

ግን እነሱ እዚያው ናቸው። አንተ 10 ሜትር ላይ ሊፍት እየጠራህ ስንት ዓመትህ ነው? ከፍታ ላይ ተቀምጦ የተገኘ መላመድ ከወረድክ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። መሮጥህም አያድንህም። እንዲያውም ጎበዝ ሯጮች አንዳንዴ ይብስባቸዋል፤ ጉልበታቸው ሳንባቸውን ቀድሞ ይሄዳል።

የተለመደው መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኛበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ይላል። በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ሳትጨምር እደር። እግረኛው እንዳለው የዋይዋሽ መንገድ ይህንን ሕግ ገና በመጀመሪያው ሌሊት ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቀኑን ዋራዝ ላይ አስቀድመህ መክፈል አለብህ።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ ድካም፦ ይህ ቀላሉ የከፍታ ሕመም ነው። እዚያው ቆመህ ታርፋለህ፤ ካልተሻለህ ትወርዳለህ። ሁለት ነገር ካየህ ግን ሐሳብ አያስፈልግም። አንደኛው ሚዛን ነው። ተረከዝህን ከሌላኛው እግር ጣት እያስነካህ በቀጥታ መስመር ተራመድ። ከተንገዳገድክ አንጎልህ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ሳንባ ነው። ደረቅ ሳል ይጀምራል፣ ከዚያ ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ያጥርሃል፣ እየቆየ ደረትህ ውስጥ ውኃ ያለ ይመስል ይንኮራኮራል። ለሁለቱም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ዛሬውኑ። «ይንጋና እናያለን» የሚባል ነገር የለም።

ዳያሞክስ ስለሚባለው የከፍታ ሕመም ኪኒን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። ለመከላከል በብዛት የሚሰጠው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፣ መውጣት ከመጀመርህ አንድ ቀን በፊት ጀምሮ። ጣትህን ይነዝርሃል፣ ሽንት ያበዛብሃል፣ ለስላሳ መጠጥ ብረት ብረት ይልሃል። የሰልፋ አለርጂ ካለብህ ሳትናገር እንዳትወስድ። ደግሞ የእንቅልፍ ኪኒን አትያዝ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እንዳትደነግጥ። ሌሊት ተኝተህ ትንፋሽህ ቀጥ ይልና በድንገት በረጅሙ ይመለሳል። ከፍታ ላይ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው። የድንኳን ጓደኛህን ግን ያስፈራዋል።

ቀላል_ሸክም · ሚያዝያ 15

ኧረ ልጁን አታስፈራሩት! የነርሷን ቃል አከብራለሁ፣ ዋራዝ ላይ መቆየት ግድ ነው። አህያው ላይ ግን አልስማማም።

እኔ ብቻዬን፣ ያለ አህያ፣ በ8 ቀን ነው የጨረስኩት። ሙሉ ሸክሜ ከምግብ ጋር 13 ኪሎ ነበር። የቀረህን ምግብ ዋይላፓ ካሉ ትናንሽ ሱቆች ትሞላለህ። አህያ ከያዝክ አህያው የሚያድርበት ታድራለህ፣ አህያው የሚሄድበትን ትሄዳለህ። ሳን አንቶኒዮ በር ደግሞ ጭነት የያዘ እንስሳ የሚያልፍበት አይደለም። 5,000 ሜትር አናት ላይ ቆመህ ሲውላ ግራንዴንና የሩፓሃን ፊት ለፊት የምታየው እዚያ ነው። የሩፓሃ 6,600 ሜትር አልፎ የሚሄድ፣ ከፔሩ ሁለተኛው ተራራ ነው። ለዚያች ግማሽ ሰዓት ስል ሌላ 8 ቀን እሄዳለሁ።

እግረኛው · ሚያዝያ 16

ቀላል፣ አንተ ጎበዝ ነህ፤ ዕድልህም ጎበዝ ነው።

አህያው ለሸክም ነው እንበል፣ ይቅር። እኔ የምከራየው ለፈረሱ ስል ነው። እዚያ ብዙ ቡድን አንድ ፈረስ ባዶውን ያስከትላል፤ የክፉ ቀን ፈረስ ነው። መራመድ ያቃተው ሰው እሱ ላይ ይወጣል። ይመጣል ብለህ የምትተማመንበት ሄሊኮፕተር የለም። ስልክ የሚይዝበት ቦታም ጥቂት ነው። ብቻህን ከሆንክና ሚዛንህ ከጠፋ፣ የነርሷን የተረከዝ ፈተና የሚፈትንህ ማን ነው? የታመመ አንጎል ራሱን «ደህና ነኝ» ብሎ ነው የሚያሳልፈው።

ለዳገት ወዳድ፦ አህያ ነጂውን እዚያ አሪዬሮ ይሉታል። ቀብድ ሳትሰጥ በፊት ሁለት ነገር እወቅ። የእሱ ምግብና ማደሪያ በአንተ ነው። ከብቶቹን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀንም ይከፈላል። ይህንን ሳይነጋገሩ ሄደው ሦስተኛው ቀን ላይ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አይቻለሁ። አሪዬሮው ትክክል ነበር።

ቀዝቃዛ_ሻይ · ሚያዝያ 16

እኔ የመጣሁት ለምስሩ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ውኃ 4,200 ሜትር ላይ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 5,000 ላይ በ83። ይንተከተካል፣ እንፋሎት ያወጣል፣ ክዳን ይገፋል፣ ግን አያበስልም። እኔ አንድ ማታ ምስር ጥጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ። ጋዜ አለቀ፣ ምስሩ እንደ ጠጠር ነው። ለመጠጥ ውኃ ሲሆን አትስጋ፣ 83 ዲግሪም ቢሆን ከፈላ ጀርሙን ይገድለዋል። ለምግብ ግን ፈጣን ኑድል፣ የተፈጨ ድንች፣ አጃ፣ ኩስኩስ ያዝ። ሙቅ ውኃ አፍስሰህ የምትከድነውን።

ጋዝ ስትገዛ ደግሞ የጣሳውን ጽሑፍ አንብብ። ቡቴን በብርድ በደንብ አይተንም። ንጋት ላይ ጣሳው ሙሉ ሆኖ ምድጃህ አይነድም፤ የተሸወድክ ይመስልሃል። አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። ማታ ጣሳውን ይዘኸው ተኛ። የውኃ ማጣሪያህንም፣ ፓወር ባንክህንም፣ ካልሲህንም። ማጣሪያ ውስጡ ውኃ እያለ አንዴ ከበረደ ተሰነጣጥቆ ይበላሻል፣ ከውጭ ሲያዩት ግን ደህና ነው። የእኔ ስሊፒንግ ባግ ሌሊት ሌሊት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚመስለው።

የውኃ ጠርሙስህን ደግሞ ዘቅዝቀህ አሳድር። በረዶ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ጠዋት ስትገለብጠው አፉ ክፍት ይሆናል።

አንዲት_ድንኳን · ሚያዝያ 17

ሴት ሆኜ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሄጃለሁ። ማንም ያልነገረኝን ልንገርህ።

ገንዘብ። መንገዱ በየማኅበረሰቡ መሬት ላይ ነው የሚያልፈው። እያንዳንዱ ማኅበረሰብ ያስከፍላል። ማታ ድንኳንህ ድረስ ይመጣሉ ወይም ጠዋት መንገድ ላይ ይጠብቁሃል። ክፍያው በፔሩ ገንዘብ በሶል ነው፣ በጥሬው፣ መልስ የለም። ባንክም የለም። ዋራዝ ላይ ትልልቁን ኖት ሁሉ አዘርዝር። ደረሰኙን ደግሞ እስከ መጨረሻው ቀን እንዳትጥል፤ ሁለት ጊዜ የጠየቁኝ ቦታ አለ፣ ደረሰኝ ባይኖረኝ እከፍል ነበር። ተራሮቹ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የተጠበቀ ክልል ናቸው፣ መሬቱ ላይ ግን ሰው ይኖራል፣ በግ ያግዳል። ቅሬታ የለኝም። መጸዳጃ ቤቱን ሳይ ግን ትንሽ ነበረኝ።

ውሻ። የእረኞች ውሾች ከሩቅ ነው የሚነሱብህ። ጎንበስ ብለህ ድንጋይ የምታነሳ ምሰል። ቋንቋው እዚያም ያው ነው።

ብርድ። ሰው ሁሉ ስለ ስሊፒንግ ባግ ያወራል፣ ስለ ፍራሹ ዝም ይላል። እኔን ያቀዘቀዘኝ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 5፣ አንዳንዴ 10 ይደርሳል። ቀጭን ፍራሽ ይዘህ መቶ ላባ ብትለብስ ዋጋ የለውም፤ መሬቱ ይመጥሃል።

ዳገት_ወዳድ · ሚያዝያ 22

አንድ ሳምንት ዝም ያልኩት ተናድጄ ነበር። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

ከዚያ አለቃዬን ለመንኩና ፈቃዴ 18 ቀን ሆነ። ዋራዝ ላይ 4 ሌሊት አስገባሁ። አህያና ፈረስ እከራያለሁ። ብቻዬን ከምከፍል እዚያ ተጋሪ እፈልጋለሁ። ዳያሞክስ ሐኪሜ ጻፈልኝ። ግን ሳን አንቶኒዮን አልተውም፤ 5,000 ሜትር ሳልረግጥ አልመለስም። ደግሞ ሁለት ኪሎ ምስር ገዝቻለሁ።

ቀዝቃዛ_ሻይ · ሚያዝያ 22

ሁለት ኪሎ!

ዳገት_ወዳድ · ሐምሌ 21

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ሻይ ያዙ።

ዋራዝ ላይ ሁለት ተጋሪዎች አገኘሁ። አንዷ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ዝምተኛ ሴት ናት። ሌላው ጠፍጣፋ አገር ያደገ፣ ቁመቱ ድንኳን የማይበቃው ሰው። ረጅሙ ልበለው። ቹሩፕ ላይ ሁለታችንንም ጥሎን ወጣ። ላጉና 69 ላይ እኔ ራሴን ይዤ ስቀመጥ እሱ ሸሚዙን አውልቆ ፎቶ ይነሳ ነበር። ነርሷ ስለ ሯጮች ያልሽው ትዝ ብሎኛል፤ ግን ስለ እኔ መስሎኝ ነበር።

ደጋ ያደገው ሰውዬስ? ኳርቴልዋይን የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ጉድ ሆነ። በጠዋቱ ቅንድቤ ሥር ሚስማር የተመታብኝ መሰለኝ። ተረከዝና ጣት እያገናኘሁ ድንኳኑን ዞርኩ፤ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። በዝግታ ካካናንፑንታን ወጣሁ። 30 እርምጃ፣ እረፍት። 30 እርምጃ፣ እረፍት። አሪዬሮው ከፊቴ ስፓኒሽና ኬቿ እየቀላቀለ አህዮቹን ይሳደባል። እኔንም ሳይጨምር አልቀረም። ሚቱኮቻ ሰፈር ደርሰን ሾርባ ጠጥቼ 12 ሰዓት ሳይሞላ ተኛሁ።

ካርዋኮቻ ላይ ግን ስለ ሁሉም ይቅር አልኩ። ሐይቁ ዳር ሰፈርን። የሩፓሃና ሲውላ ከውኃው ማዶ ቆመዋል፣ የበረዶ ግግራቸው ወደ ሐይቁ አፍ ተንጠልጥሏል። ንጋት ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከድንኳን ስወጣ ሣሩ ውርጭ ይዞ ከእግሬ ሥር ይሰባበራል። መጀመሪያ የየሩፓሃ ጫፍ ብቻ ቀላ። ከዚያ ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፣ ልክ ሰው ጋቢውን እንደሚገፍ። ከዚያ አንድ ቦታ በረዶ ተናደ። መጀመሪያ ያየሁት ነጩን አቧራ ነው፤ ድምፁ ቆይቶ ደረሰ። እዚያ አንድ ቀን አርፈን ዋልን፤ የነርሷ ሕግ ነው። ከጉዞው ሁሉ ትክክለኛው ውሳኔ እሱ ነበር።

ሦስተኛው በር ሲውላ ፑንታ ነው። ሦስት ሐይቆች እየተከተሉህ ትወጣለህ፣ ወደ 4,800። ቁልቁለቱን ስንወርድ ረጅሙ መሳል ጀመረ። «አቧራ ነው» አለ። ዋይዋሽ ሰፈር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሳለ። ጠዋት ላይ ከፍተኛውን መንገድ፣ ትራፔሲዮን፣ ትተን ከብቶቹ በሚሄዱበት ዝቅ ባለው በር እንለፍ አልኩ። ትራፔሲዮ 5,000 ይነካል። አጥብቄ የፈለግኩት ነበር፣ ራሴው ነኝ እንተወው ያልኩት። ረጅሙ ግን ተናደደ፤ ሰነፍ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። የዚያኑ ቀን መውረድ ነበረብን፤ አሁን ገብቶኛል።

ቪኮንጋ ስንደርስ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። እዚያ ፍል ውኃ አለ። ከአምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ገላ መታጠቢያ ማለት ነው። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ልሄድ ስል ዝምተኛዋ ሴት ጠራችኝ። ረጅሙ ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጧል። ምንም ሳይሠራ እንደሮጠ ሰው ይተነፍሳል። ከንፈሩ ጠቁሯል። የጣት ኦክስጅን መለኪያዬን አደረግኩለት። የእኔ 85 በመቶ ነበር። የእሱ 64 አለ። ጣቱን አሽቼ ደገምኩት። 63።

«ይንጋና እናያለን» አለ። ቃል በቃል።

ከቪኮንጋ ወደ ታች ካጃታምቦ የምትባል ከተማ አለች፣ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። አሪዬሮው ጥያቄ አልጠየቀም። ረጅሙን ፈረሱ ላይ አወጣው፣ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ አለበሰው፣ ጉዞ ጀመርን። እኔ ከፊት የግንባር ባትሪ ይዤ፣ ዝምተኛዋ ከኋላ። ድንኳኖቹን ሳይቀር ጥለን ነው የሄድነው፤ ካምፑ ላይ የነበሩ ሌሎች ሰዎች ጠበቁልን። ስንወርድ የረጅሙን ደረት ከፈረሱ ሰኮና በላይ እሰማው ነበር። መሐል ላይ፣ የትኛው ቦታ እንደሆነ አላውቅም፣ ድምፁ ቀነሰ። የሞተ መስሎኝ ባትሪውን ፊቱ ላይ አበራሁ። «ዓይኔን!» ብሎ ጮኸብኝ። እንዲህ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።

ጤና ጣቢያ ደረስን፣ ኦክስጅን ሰጡት። በማግስቱ ይስቅ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን አብረን በአውቶቡስ ሊማ ገባን። ኩዮክ የሚባለውን በር አላየሁም። ሳን አንቶኒዮን አላየሁም። 5,000 ሜትር አልረገጥኩም። ፍል ውኃው ውስጥም አልገባሁም፤ ፎጣው ግን ካጃታምቦ ድረስ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ነርሷ · ሐምሌ 21

ሳነብ እጄ ላብ አላበው። ፈረስ ላይ ማድረጋችሁ በራሱ ሕክምና ነው፤ እንዲህ የታመመ ሰው በእግሩ ሲደክም ይብስበታል። «አቧራ ነው» ያለ ጊዜ መውረድ ነበረባችሁ፣ አንተም ብለኸዋል፣ አልደግመውም። ሳንባ አንዴ እንዲህ የሆነበት ሰው ሁለተኛ ጊዜም ሊመለስበት ይችላል። ንገረው፣ ከሚቀጥለው ተራራ በፊት ሐኪም ይይ።

ቀላል_ሸክም · ሐምሌ 22

እግዜር ይስጥህ፣ ሥራህ የሰው ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እንዳትቀየመኝ። ታማሚውን አሪዬሮውና ፈረሱ ይዘውት ወረዱ። አንተ ጤነኛ ነበርክ። ቪኮንጋ አድረህ በማግስቱ ኩዮክን፣ ከዚያ ሳን አንቶኒዮን ብትሄድ ማንን ትጎዳ ነበር?

ዳገት_ወዳድ · ሐምሌ 22

አልቀየምም፣ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ከፊት ባትሪ የሚይዝ ያስፈልግ ነበር፤ መንገዱ ጨለማ ነው፣ አሪዬሮው አንድ እጁ በልጓሙ አንድ እጁ በሰውዬው ነው። ግን እሱ ምክንያቱ አይደለም። ባትሪውን ዝምተኛዋም መያዝ ትችል ነበር።

ትራፔሲዮን ስንተው ረጅሙ ሲቆጣ ውስጤ ከእሱ ጋር ነበር። አንደበቴ «እንተወው» ይላል፣ ልቤ «ምነው እምቢ ባለ» ይላል። እምቢ ብሎ ቢያስገድደን ኖሮ 5,000 ላይ ነበርን፣ 63ቱ እዚያ ነበር የሚመጣው። ያንን ካሰብኩ በኋላ ወደ ኩዮክ የሚወስደኝ እግር አልነበረኝም።

እግረኛው · ሐምሌ 22

ኩዮክ የትም አይሄድም። ስትመለስ ከካጃታምቦ በኩል ግባ። መንገዱን በጨለማ ታውቀዋለህ፣ በብርሃን እየው።

የአሪዬሮውን ነገር ግን አልነገርከንም። ስንት ቀን ከፈልከው?

ዳገት_ወዳድ · ሐምሌ 23

የተስማማነውን 9 ቀን ሙሉውን፣ የመመለሻውን፣ ከዚያ ትንሽ ጨምረን። ረጅሙ የእጅ ሰዓቱን ሊሰጠው ነበር፣ አልቀበልም አለ። የግንባር ባትሪዬን ግን ተቀበለኝ።

ቀዝቃዛ_ሻይ · ሐምሌ 23

ሁሉም ሰው ደህና ስለሆነ አሁን መጠየቅ እችላለሁ። ምስሩስ?

ዳገት_ወዳድ · ሐምሌ 23

ሚቱኮቻ ላይ ሞከርኩ። አልበሰለም። ካርዋኮቻ ላይ የእረፍት ቀን ስለነበር ከጠዋት ዘፈዘፍኩት፣ ማታ ጣድኩት። አልበሰለም። አሪዬሮው አንድ ማንኪያ ቀመሰና ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀብር ላይ እንደሚደረገው።

የቀረውን ካጃታምቦ ያደርንበት ቤት ባለቤት ወሰደችው። በግማሽ ሰዓት አብስላ አመጣችው። ፕሬሸር ኩከር ነበራት።

ቀዝቃዛ_ሻይ · ሐምሌ 23

ፕሬሸር ኩከር አህያ ላይ ይጫናል እንዴ?

እግረኛው · ሐምሌ 24

በ12 ቀኑ ጉዞ የእኔ አሪዬሮ ይዞ ነበር። የሚጫነው ከሁሉም ላይ ነው፤ ሲንኳኳ አህያዋ የት እንዳለች ታውቃለህ።